የእማዬ ክኒንና የአባዬ ምላጭ

ጥቅምት 5

ሚጣዬ፣

“ለጤናሽ እንደምን ነሽ” ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና ሳቄ መጣ። የነርስን ጤና መጠየቅ ዳቦ ጋጋሪን በልተሻል ወይ እንደማለት ነው። ይሁን፤ ነርስም ብትሆኚ ታናሽ እህቴ ነሽና ደህና ነሽ ወይ? እንቅልፍስ ይበቃሻል? ያ ቆሞ የመዋል ነገር እግርሽን አሁንም ያሳብጠዋል?

“ምን አስኮረፈሽ” ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ሳኮርፍ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ? ሳኮርፍማ የባሰ ነው የማወራው። የዘገየሁት ተማሪ ሆኜ ነው። አዎ፣ ደግመሽ አንብቢው፤ ተማሪ! በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጆቼን ድሬ ጨርሼ፣ ስነሳ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ደብተር ገዝቼ እርሳስ ቀርጬ ክፍል ገባሁልሽ። ጤና ጣቢያው “የቤት ውስጥ አስታማሚዎች ሥልጠና” ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ፤ አስራ ሁለተኛን የጨረሰ ይበቃል ይላል። የኔ አስራ ሁለተኛ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ከሰርጌ ፎቶ ስር ተጣጥፎ ተኝቶ ነበር። ቀሰቀስኩትና ይዤው ሄድኩ።

ወንበሩ ለቀጫጭን ልጆች የተሠራ ነው፤ የምገባው በጎኔ ነው፣ ስወጣ ጠረጴዛው አብሮኝ ይነሳል። አስተማሪያችን አንድ ረጅም ነርስ ናት፤ ሦስት ቃል ትናገርና ታቆማለች፣ እስኪዋጥልን ጠብቃ ሌላ ሦስት ትጨምራለች። ስለዚህ ሲስተር ጠብታ አልኳት። አሁን ክፍሉ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት፤ እሷም ሳትሰማ አልቀረችም፣ ግን እንደልማዷ ዝም ነው። ሚጣዬ፣ ደስ ብሎኛል! ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አባዬ ከስፌት ክፍሉ አንገቱን ብቅ ያደርግና “ተማሪ፣ የቤት ሥራሽን ሠርተሻል?” ይለኛል። እየሳቅሁ ነው መንገዱ የሚያልቅልኝ።

“በስልክ ለምን አትነግሪኝም” ላልሽው፣ የቤቱ ስልክ የት እንዳለ ረሳሽው እንዴ? እማዬ ትራስጌ ነው። ስለ እማዬ ለማውራት እማዬን “እስቲ ትንሽ ውጪልኝ” ልበላት?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የእማዬ ደም ግፊት አልወረደም። ሐኪሙ ክኒኑን ከዚህ በፊት አንዴ ጨምሮላት ነበር፤ አሁን ደግሞ ወደ ትልቁ ቀየረላት። ማዘዣውን ሲጽፍ ፊቱ አላማረኝም። እሷ ወጥታ እኔ ወደ ኋላ ስቀር “በታኅሣሡ ቀጠሮ ካልወረደ እዚህ ላቆያት አልችልም፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልካታለሁ” አለኝ። ትልቁ ሆስፒታል ማለት ያንቺው ነው። አንቺም “ትምጣ፣ እኔ ጋ ሆና ትታከም፣ ካስፈለገም ዓመት ትቀመጥ” ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ ከዚያ የተሻለ የለም። ግን የነርሶች መኖሪያ ወንድ አያሳድርም። “አባዬን ምን እናድርገው?” ብለሽ የጠየቅሽኝም ለዚህ ነው።

ታውቂያቸዋለሽ እኮ። ተነጣጥለው አድረው አያውቁም። አንድ ብርቱካን እንኳ እዚህ ቤት ለብቻው የሚበላ የለም፤ አባዬ በዚያ በልብስ ሰፊ ዓይኑ ለክቶ ይከፍለዋል፣ ሳይወርድ ሳይተርፍ። ጋዜጣው ሳይቀር ይሸነሸናል፤ የውጩ ገጽ የሱ፣ የውስጡ የሷ። አንዱን ከአንዱ መለየት አንድን እጅጌ ከኮቱ መንቀል ነው።

ለነሱ እስካሁን ምንም አልነገርኳቸውም። እስከ ቀጠሮው አፌን እይዛለሁ። እኔ አፌን ስይዝ! ጸልዪልኝ።

እታለም

ጥቅምት 20

ሚጣ፣

መጀመሪያ ልቆጣሽ፣ ከዚያ እንስቃለን። “እማዬ ክኒኑን ስትውጥ በዓይንሽ አይተሻል ወይ” ማለት ምን ማለት ነው? ቁርሷን እንደበላች ከማሸጊያው አንዷን ታወጣለች፣ በብርጭቆ ውሃ ትቀዳለች፣ ይዛ ወደ ስፌት ክፍሉ ትገባለች። “ሰውዬው አጠገቤ ካልሆነ አይወርድልኝም” ነው የምትለው። ትንሽ ቆይታ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ ትወጣለች። ማሸጊያውንም አይቻለሁ፤ ያደረች ክኒን የለችም። ታዲያ ምን ቀረ? አፏን አስከፍቼ በባትሪ ልፈትሽ? እናት እኮ ናት!

በቃ፣ ተቆጣሁ፣ ጨረስኩ።

አሁን ስለ ትምህርቱ ልንገርሽ፤ አንቺ በቃልሽ የምታውቂው ቢሆንም ለኔ አዲስ ነውና ታገሺኝ። እኔ መድኃኒት የሚገባው በአፍና በመርፌ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰውነት በሩ ብዙ ነው! ከምላስ ስር የሚቀመጥ አለ፤ እሱን መዋጥ አይደለም፣ ዝም ብሎ እስኪሟሟ መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ ምላሴ ላይ የገባ ነገር ቶሎ ነው የሚወጣው። በአፍ የሚሳብ አለ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ አለ፤ አዲሱን ስትለጥፊ አሮጌውን ማንሳት አትርሺ ተብለናል። የዓይን ጠብታ ዓይኑ መሀል ላይ አይንጠባጠብም፤ የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርጎ እዚያ ኪሷ ውስጥ ነው። ከታች የሚገባም አለ። እሱን ስንማር አጠገቤ ያለችው ልጅ በደብተሯ ፊቷን ከደነች፤ እኔ ልጆች አጥቤ ያሳደግኩ ሰው ምን ያሳፍረኛል? እንዲያውም ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁ።

መርፌማ የምንለማመደው ብርቱካን ላይ ነው። ተራዬ ሲደርስ ብርቱካኑን በግራ እጄ ያዝ አድርጌ “አይዞሽ እናቴ፣ ትንሽ ብቻ ነው የሚያምሽ” ብዬ ወጋሁት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር ጠብታ ግን ሳትስቅ “ጥሩ ነው። ለታካሚ መንገር። ግዴታ ነው” አለች። ብርቱካኑም አልጮኸም፤ እጄ ቀላል ነው ማለት ነው።

አምስት ነገር ሳታረጋግጡ መድኃኒት አትስጡ ትለናለች፤ ሰውየው፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ መንገዱ። እኔ እጄን አወጣሁና “ሲስተር፣ የመጀመሪያው ለሆስፒታል ነው። እኛ ቤት ታማሚ አንዲት እናቴ ብቻ ናት፤ ማን ከማን ሊምታታ?” አልኳት። አየችኝ። አየችኝ። “ይጠየቃል” አለች። ይኸው ነው። ከሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ከማውጣት ከድንጋይ ጭማቂ መጭመቅ ይቀላል።

የእማዬን ማዘዣ ግን አሁን ማንበብ ቻልኩ! ድሮ የዶሮ ጭረት ነበር የሚመስለኝ። መድኃኒት ቤቱ ዘወትር ታካሚ ናት ብሎ ማህተም አድርጎ ይመልስልናል። “አንድ ክኒን፣ በአፍ፣ በቀን አንዴ፣ ጠዋት” ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አባዬ ተቀበለኝና መነጽሩን አድርጎ ራሱ ደገመው፤ ከዚያ በስፒል ከሜትሩ ጎን ግድግዳው ላይ ሰካው። “ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ላይ ያልተጻፈ እዚህ ቤት አይደረግም” አለ። እማዬ ከወጥ ቤት “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!” ብላ ጮኸች። እንዲህ ናቸው፤ ደህና ናቸው።

አባዬ ግን ልቤን በላው። የእማዬ መድኃኒት ወደ ትልቁ ከተቀየረ ወዲህ ከቁርስ በኋላ ብድግ ሲል ግድግዳ ይደገፋል። “ምን ሆንክ?” ስለው “እኔ ምን እሆናለሁ፣ መሬቷ ናት የተነቃነቀችው” ይላል። ስለ መለያየቱ ሳይሰማ አልቀረም መሰለኝ፤ ሀዘን ነው ራሱን የሚያዞረው። ዛሬ የመቁረጫ ጠረጴዛውን ስወለውል ነጭ የጠመኔ ብናኝ አገኘሁበት። መቀሱን ከሰቀለ ስንት ጊዜው? ብቻውን ቁጭ ብሎ የድሮ ሥራውን እየዳሰሰ መሆኑ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ማልቀስ አልወድም፣ አፍንጫዬ ይቀላል።

አንድ የክፍል ጥያቄ ልተውልሽ፦ ክኒን ሁሉ ይቆረጣል ወይስ የማይቆረጥ አለ? ፈተና ላይ ይመጣል አሉ።

ያንቺው ተማሪ

ኅዳር 2

እታለም፣

አጭር ስለምጽፍ አትቀየሚኝ፤ ተረኛ ነኝ።

ለእማዬ ባዘጋጀሁት ክፍል የሰቀልኩትን መጋረጃ ቀለም ጠይቀሻል። ቢጫ ነው። የክፍሉ መስኮት ወደ ግንብ ነው የሚያየው፤ እማዬ ጠዋት ስትነሳ ፀሐይ የገባ እንዲመስላት ብዬ ነው። ግድግዳውንም ራሴ ቀባሁት፤ ፀጉሬ ላይ ያለው ቀለም አልለቅ ብሎኝ ታካሚዎቼ ሸበትሽ ይሉኛል።

አባዬን ብቻውን ማስቀረት ጭካኔ አይደለም ወይ ላልሽው፣ ነው። እማዬን በዚህ ግፊት እዚያ መተውም ጭካኔ ነው። ከሁለቱ ሰው የሚተርፍበትን እመርጣለሁ። በየቀኑ ግፊት የጣላቸውን እየተቀበልኩ ሌላ ማለት አልችልም። አውቃለሁ፣ ካንቺ ጋር መጨቃጨቄ አይደለም።

የፈተና ጥያቄሽ፦ መሀሉ ላይ መስመር ያለበት ክኒን ሐኪም ካዘዘ ይቆረጣል። የእማዬ ዓይነቱ ግን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራ ነው። ከተቆረጠ ወይም ከታኘከ የቀን ሥራውን ባንድ ጊዜ ይደፋዋል፤ መጀመሪያ ግፊትን ቁልቁል ይጥላል፣ ከዚያ ማታውንና ሌሊቱን ባዶ ይተዋል። ይሄን ጻፊላቸው፣ ሙሉ ማርክ ትሰጥሻለች።

አንድ ነገር ብቻ። የአባዬ ጠመኔ ሰማያዊ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሰማያዊ። ጉንጫችንን ቀብቶ “አሁን ተለክታችኋል” ይለን አልነበር? ነጩን ከየት አመጣው? ምንም ላይሆን ይችላል። ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሚጣ

ኅዳር 16

ሚጣዬ፣

“እታለም ምነው ጠፋሽ፣ እማዬ ምን ሆነች” የምትለዋን ቁራጭ ወረቀት አግኝቻለሁ። በቁሜ አነበብኳት፣ ቁጭ ብዬም አነበብኳት። ይቅር በይኝ። እማዬ ደህና ናት። አባዬም ደህና ነው። ዝም ያልኩት ነገሩ ፈር እስኪይዝ ነው፤ ግማሹን ነግሬሽ በግማሹ እንዳላስጨንቅሽ። ግማሽ የሚባል ነገር ደግሞ ለምን እንዳስጠላኝ አሁን ትሰሚያለሽ።

ያ የጠመኔ ነገር ደብዳቤሽ ከደረሰ ጀምሮ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር። አንድ ጠዋት እንደልማዴ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለመርፌ ልምምድ የሚሆነኝን ብርቱካን ረስቼ መምጣቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። በጓሮ በር ነው የገባሁት። የስፌት ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። እየውልሽ፤ አባዬ መነጽሩን አድርጎ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቷል። ፊቱ ማስመሪያው። ማስመሪያው ላይ የእማዬ ክኒን። በእጁ ምላጭ። እማዬ ፊት ለፊቱ ብርጭቆ ውሃዋን ይዛ ተቀምጣ እንደ ደንበኛ ትጠብቀዋለች።

ቀጭ አደረጋት። እኩል ለሁለት!

“የኔ በለጠ” አለች እማዬ።

“አልበለጠም። ለክቼ ነው የቆረጥኩት።”

“ትናንትም እንዲህ ብለህ ትልቁን ወደኔ ገፋኸው። እኔ ዓይን የለኝም?”

“እሜቴ፣ ከመቁረጥ ሌላ ምን አውቃለሁ? በል በይኝና ቅንጣቷንም ልክፈላት።”

“እንካ፣ ይሄኛውን አንተ ውሰድ። እንቢ? እንግዲያው እኔም አልውጥም።”

“እሺ፣ እሺ፣ አምጪው ወዲህ።”

ሚጣ፣ እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀና ሁለቱም ዘወር አሉ። እንደ ልጅ ነው የደነገጡት። አባዬ ምላጩን ከማስመሪያው ስር ሸሸገ። እማዬ ግን አልሸሸገችም፤ “ምን ያስፈጥጥሻል? ያለንን ተካፈልን እንጂ ሰረቅን?” አለችኝ።

“እማዬ፣ መድኃኒት እኮ ነው! ብርቱካን አይደለም!”

“ታዲያ መርዝ ነው? መድኃኒት ከሆነ እሱስ አላረጀም? እሱስ አይደክመውም?” አለች። ቀጥላ ደግሞ ብርጭቆዋን እያየች፣ “እኔ ብቻዬን ድኜ ከማን ጋር ልኖር ነው?” አለችኝ።

ምን ትያታለሽ?

አባዬ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ይዞኝ “መጀመሪያውንም አልውጥም ብላ ነበር እኮ። ካልተካፈልከኝ አልነካውም አለች። ከምንም ግማሽ ይሻላል ብዬ ነው” ብሎ ሹክ አለኝ። ወጥ ቤት ስገባ ደግሞ እማዬ “እሱ መድኃኒት የሚባል አይወድም፣ በኔ ሰበብ ይውሰድ ብዬ ነው፤ እንዳትነግሪው” ትለኛለች። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ያታለለ መስሎታል!

አሁን ደግሞ ልሳሳት ስል የተመለስኩበትን ልንገርሽ። “በቃ ከነገ ጀምሮ ሙሉዋን ትውጫለሽ” ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሲስተር ጠብታ ፊቴ ላይ ድቅን አለች፦ መጠን። የሚቀይረው። ያዘዘው ብቻ። አሰብኩት። ሐኪሙ የጨመረው ግማሽ እየዋጠች አልወርድ ስላለው ነው። አሁን ይሄን ትልቁን ሙሉውን ብትውጠውስ? ግፊቷን ቁልቁል ጥሎ ሊደፋት አይደል? ትምህርቴንም ብርቱካኔንም ትቼ፣ ሁለቱንም በግራና በቀኝ ይዤ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ሁሉንም ዘረገፍኩለት፣ ምላጩንም ጭምር።

ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀ። እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ የአባዬን ግፊት ለካና ሳቁ ጠፋ። “አባቴ፣ እርስዎ ግፊት የለብዎትም” አለው። “ይሄ መድኃኒት ያለውን ሰው ያወርዳል፤ የሌለውን ይጥላል። ተቆርጦ ሲዋጥ ደግሞ ኃይሉ ባንዴ ነው የሚለቀቀው። አንድ ጠዋት ወድቀው ዳሌዎን ሰብረው ቢሆንስ?” ወደኔ ዞሮም “ስትመጣ ሁሉ አልወረደም ብዬ እጨምራለሁ። ለካ የምጨምረው ለሁለት ሰው ነው። ትወስዳለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ማን ማን ይወስዳል ብዬ አልጠየቅሁም። ማን ይጠይቃል?” አለኝ።

ይጠየቃል፣ ሚጣ። ሲስተር ጠብታ ነግራኝ ነበር።

እማዬ ግን ከዚያ በኋላ የተባለውን የሰማች አይመስለኝም። ፊቷ አመድ መሰለ። “ልጥለው ነበር?” አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ የኮቱን እጅጌ ጨብጣ አልለቀቀችም። እሱ “እሜቴ፣ ስፌቱን ትተረትሪዋለሽ” እያለ ሊያስቃት ሞከረ፤ አልሳቀችም።

እንግዲህ ሐኪሙ ወደ መጀመሪያዋ፣ ወደ ትንሿ ክኒን መልሷታል። ሙሉዋን፣ ሳትቆረጥ። ግን ቀጠሮው እንዳለ ነው፤ በዚህም ካልወረደ መምጣቷ አይቀርም። ስለዚህ ክፍሉን እንዳታፈርሺው። መጋረጃውን አታውርጂው።

ያላለቀ ነገር አለ። እማዬ አባዬን በሩቅ አስቀምጣ ብቻዋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልወረደላትም። ምላሷ ላይ ይዛት ትቆይና ትተፋታለች። “ብቻዬን ስውጥ ተደብቄ የበላሁ ይመስለኛል” አለችኝ። ማባበልም፣ መቆጣትም፣ በዳቦ መጠቅለልም ሞከርኩ። አንቺ ጋ እንዲህ ያለ ታካሚ ሲገጥም ምን ታደርጋላችሁ? ቶሎ ጻፊልኝ።

እታለምሽ

ኅዳር 24

እታለም፣

ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ፤ አብሮኝ ያለው ተረኛ ምን መጣብሽ አለኝ።

አልተቆጣሁም። ዝም በማለትሽም አልተቆጣሁም። ሐኪሙ ጋ መውሰድሽ ሁሉንም አድኗል፤ እኔ ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር።

ለጠየቅሽኝ ግን መልስ የለኝም። እኔ ጋ ታካሚ እንቢ ሲል ለምን እንቢ እንዳለ እንጠይቃለን፤ እማዬ ደግሞ ነግራሻለች። ለሱ የተጻፈ መድኃኒት አላውቅም። አባዬን ጠይቂው። ዕድሜ ልኩን ያበላት እሱ ነው።

ያዘጋጀሁላት ክፍል ባዶ ሆኖ ቢቀር አላዝንም ብልሽ ውሸት ነው። ግን ባዶ ሆኖ እንዲቀር ጸልያለሁ።

ሚጣ

ታኅሣሥ 9

ሚጣዬ፣ የኔ ዓለም፣

“ቁጥሩን ንገሪኝ፣ ሌላውን በኋላ” ብለሻል። አልነግርሽም! አስቀድሜ ብነግርሽ ደብዳቤዬን አትጨርሺውም፤ አውቅሻለሁ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ የመጨረሻውን ገጽ ነው ቀድመሽ የምታነቢው። እስቲ አሁን በተራ ስሚኝ።

አባዬን ጠይቂው ባልሽኝ መሠረት ጠየቅሁት። ማዘዣውን ከግድግዳው ነቀለ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ላይ ታች እያለ አነበበው፣ ኮቱን ለበሰና ወጣ። ወዴት እንደሆነ አልተናገረም። ለካ ሐኪሙ ጋ ነው የሄደው! ተራ ይዞ፣ ሰልፍ ጠብቆ። ገባና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ “ዶክተር፣ ክኒኑ አይቆረጥም ብለዋል፤ አልቆርጥም። ግን እዚህ ላይ ስለ ውሃው ምንም አልተጻፈም” አለው።

“ስለ ምኑ ውሃ?”

“ስለሚዋጥበት ውሃ። ውሃ ቢከፈል ይበላሻል?”

ሐኪሙ አይበላሽም አለ።

“እንግዲያው ይጻፉልኝ። እኔ ያልተጻፈ አላደርግም፣ እሷ ደግሞ ያልተካፈለችው አይወርድላትም።”

ይሄን የነገረኝ ሐኪሙ ራሱ ነው። አባዬ ወረቀቱን ይዞ መጣልሽ። በዚያው በዶሮ ጭረት ጽሑፍ፣ ከክኒኑ ስር፣ “አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ለሁለት ሰው” ይላል። መድኃኒት ቤት ማህተም እንዲመቱለት ሲሰጣቸው ፋርማሲስቷ ወረቀቱን ደጋግማ አየችና “አባባ፣ ይሄን እኛ ጋ የለንም” አለችው። እሱም ኮራ ብሎ “እኛ ጋ አለ” አላት።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርቴን አስፈቅጄ ቀረሁ። እማዬ በስፌት ክፍሉ በቦታዋ ተቀመጠች። አባዬ ፊት ለፊቷ። ክኒኗን አፏ ውስጥ አስገባች፣ ብርጭቆውን አነሳች፣ እስከ ግማሽ ጠጣች። በዓይኗ ለካችና ለሱ አቀበለችው። እሱ ቀሪውን ጨለጠው። እማዬ ጉሮሮዋን ዳሰሰችና፣ “ወረደ” አለች።

ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ እንዲሁ ነው። አንዳንዴ “የኔ በለጠ፣ ያንተ በለጠ” ይጣላሉ፤ በውሃ ይጣሉ፣ ውሃ አይገድልም።

ፈተናዬን አልፌያለሁ! የተግባሩ ፈተና ላይ አልጋ ላይ የተኛ ታማሚ ሆና የቀረበችው ያችው ፊቷን በደብተር የከደነችው ልጅ ናት። ሁለት ወር አጠገቤ ተቀምጣለች፣ የእናቷን ስም ሳይቀር አውቃለሁ። እኔ ግን ትሪዬን ይዤ ቀረብኩና “ይቅርታ እህቴ፣ ስምሽን ትነግሪኛለሽ? መድኃኒቱንስ የምትወስጂው አንቺ ብቻ ነሽ?” አልኳት። ልጅቷ ሳቀች። ሲስተር ጠብታ ግን፣ ልማልልሽ፣ ጥርሷ ታየ። “ማንም። ሁለተኛውን። ጠይቆ አያውቅም” አለች። ስድስት ቃል እንኳ አልሞላም፤ ለኔ ግን ዲፕሎማ ነው።

እሺ፣ እሺ፣ ሰማሁ፤ ከዚያ ሆነሽ ስታቃስቺ ይሰማኛል። ትናንት ቀጠሮው ነበር። ሐኪሙ በቀኝ ክንዷ ለካ። ቀጥሎ በግራው ለካ። እንድታርፍ ጠብቆ እንደገና ለካ። እኔ ቦርሳዬን ጨብጬ እጀታው ሊቆረጥ ደርሷል። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ወዳንቺ ሆስፒታል የሚላከውን ባዶ ቅጽ አነሳና ወደ መሳቢያው መለሰው። “እናቴ፣ ቤትዎ ይሂዱ” አላት። ወርዷል፣ ሚጣዬ! ወርዷል! ምን ፈርተን እንደነበረ ያኔ ነው የነገርኳት፤ ወዳንቺ ልትላክ እንደነበረ፣ አባዬ ብቻውን ሊቀር እንደነበረ። እኔን ትታ አባዬን አየችው። “ሰማህ? ሊከፍሉን ነበር” አለችው። እሱ “እንዴት አድርገው? ስፌቱን ሳያውቁት” አላት።

አባዬ ግድግዳ መደገፉን ትቷል። መሬቷ ረግታለች ይላል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። “መጋረጃውን ለማን ልስጠው?” ብለሽ ጽፈሻል። ለማንም እንዳትሰጪው። እማዬ ስለ ቢጫው ቀለም ስነግራት “ልጄ ፀሐይ ልትገዛልኝ ነበር?” ብላ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ስታወራ ዋለች። አባዬ ደግሞ የስፌት ክፍሉን መስኮት ለክቶ ጨርሷል፤ ሰማያዊ ጠመኔውንም ከነሳጥኑ ፈልጎ አውጥቷል። መጋረጃውን ጠቅልለሽ ይዘሽው ነይ። ፈቃድ የለም የሚለውን በስንት ደብዳቤ ሰምቻለሁ፤ አሁን ግን እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ ታማሚ አለቆችሽን ጠይቂያቸው። ናፍቆት ነው በይ። ማዘዣ ካሉሽ እኔ እጽፋለሁ፤ በቀን አንዴ፣ እናቷ እጅ ላይ፣ እስኪሻላት።

አልጋሽን ዘርግቼ እጠብቅሻለሁ። ጠዋት ቁርስ ላይ ክኒኗን እኔ አቀርባለሁ፤ አሁን ባለሙያ ነኝና። አንቺ ውሃውን ታመጪያለሽ። እንግዳ ነኝ ብለሽ፣ ደግ ልሁን ብለሽ፣ ሁለት ብርጭቆ እንዳታመጪ።

እታለም